የእስክሪብቶ የሕይወት ታሪክ፣ ከአንድ እርማት ጋር

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «እስክሪብቶ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት ዋና ኢንስፔክተር፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፉ ቤተሰብ ያስተዳድሩ ከነበሩት አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። የተወለዱባት ቤት አንዲት ክፍል ስትሆን፣ ግማሿን አልጋ፣ ግማሿን የአባታቸው ጠረጴዛና ወረቀት ይዟት ነበር።

ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀው ባለቤታቸው ነው። የምታነበው ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት፤ የአባቷ ድምፅ እስከ መጨረሻው እንደማይዘልቅ ስላወቀች ወረቀቱን ተቀብላዋለች። ለሟች አንቱታ ይገባቸዋል። ባለቤታቸው ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአንቱታ አልተጠራም። ምክንያቱን አድማጭ ቆይቶ ይደርስበታል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢያቸው በሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለዋል። የአባታቸው ዓይን እየደከመ ሲመጣ፣ ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ ከትምህርት መልስ ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ባለጉዳዮች ሕፃን ልጅ ጠረጴዛው ላይ ሲያዩ ቅር ይላቸው እንደነበረና፣ የእጅ ጽሑፋቸውን ሲያዩ ግን ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ እንደነበረ ታላቅ እህታቸው ይመሰክራሉ።

በ1972 ዓ.ም. የፖሊስ ማሠልጠኛ ገብተው ሥልጠናቸውን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ። መጀመሪያ በመዝገብ ቤት፣ ቀጥሎም በሴቶችና ሕፃናት አቤቱታ ክፍል ተመደቡ። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት እዚያ ነው፤ እስክሪብቶ ከፀጉራቸው ላይ ተለይቶ አያውቅም። አንድ ቀን ተይዞ የመጣ ኪስ አውላቂ ቃሉን ሊቀበሉት ሲዘጋጁ እስክሪብቷን ከራሳቸው ላይ ሰርቋቸው፣ እሳቸው ጠረጴዛ ሥር ሲፈልጉ ቆይተው፣ በመጨረሻ ራሱ አዝኖላቸው የመለሰላቸው ታሪክ በጣቢያው እስከ ዛሬ ይወራል።

በ1977 ዓ.ም. «ፊሽካ» ከሚባለው የትራፊክ ፖሊስ ጋር ትዳር መሠረቱ። ትውውቃቸው በሥራ ነው። ፊሽካ አንድ የአደጋ ሪፖርት ይዞ ቢመጣ ሦስት ጊዜ መለሱበት። «በከፍተኛ ፍጥነት መጣ ብለህ ጽፈሃል። ከየት መጣ? ማን አየ? አንተ የት ቆመህ ነበር?» አሉት። በጣም ተናደደ። በዓመቱ አገባቸው። ከዚህ ጋብቻ ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ሟች በሥራቸው ታታሪ ስለነበሩ ማዕረግ ቶሎ ቶሎ ያገኙ ነበር። ባለቤታቸው ያን ያህል አልፈጠነም። የሳጅንነት ማዕረግ ላይ ሰባት ዓመት ሲቆም፣ እሳቸው በአጠገቡ አልፈው ሄዱ። በጣቢያው ግቢ ሲገናኙ ሰላምታ መስጠት ግዴታው ሆነ። እጁ ወደ ግንባሩ ሲወጣ ጓደኞቹ ከኋላው ይስቁበት ነበር። ቤት ገብቶ «እዚህ ሰላምታ የለም» ሲል፣ «እዚህማ እራት ማቅረብ ነው ያለብህ» ብለው ይመልሱለታል። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱም ይስቅ ነበር። ግን አልወደደውም፤ ይህን ዛሬ መደበቅ አያስፈልግም።

በ1996 ዓ.ም. የፖሊስ ሠራዊቱ ለዓለም አቀፍ የሰላም ማስከበር ተልዕኮ መኮንኖችን እንደሚልክ ማስታወቂያ ወጣ። ባልና ሚስት በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት ተመዘገቡ። ፈተናው ሦስት ነበር፤ የእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍ፣ ተኩስና መኪና መንዳት። እሳቸው መኪና አይነዱም ነበር። ባለቤታቸው በጣቢያው አሮጌ ፒክአፕ፣ በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ደርድሮ ለሦስት ወር አስተማራቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማራቸው አንድ ነገር ነው፤ «መኪና ውስጥ ከመግባትሽ በፊት አንድ ጊዜ ዙሪያውን ዙሪ፣ ጎማውን እዪ፣ ከሥር ጎንበስ በዪ።» በተልዕኮ ሥፍራ ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

የፈተናው ዕለት ቀድሞ የተጠራው ፊሽካ ነበር። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ነው። ፈታኙ ደብተሩን ይዞ ጎኑ ቆሟል። ፊሽካ በሩን ከፈተ፣ ዘው ብሎ ገባ፣ ቁልፉን ሊያዞር ሲል ፈታኙ ደብተሩን ዘጋ። ሞተር ሳይነሳ ወደቀ። ቀጥሎ የተጠሩት ባለቤቱ ነበሩ። መኪናውን አንድ ጊዜ ዞሩ፣ ጎማውን አዩ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከሥር ጎንበስ አሉ። ሲነዱ ሁለት ቆርቆሮ ገጭተዋል፤ ግን አለፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤታቸው ለጠየቀው ሁሉ «የሴት ኮታ ነው» ሲል ኖሯል። በዚህ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ከተገኛችሁት መካከል ይህን ከእሱ አፍ የሰማችሁ አላችሁ። ውሸት ነው።

በ1997 ዓ.ም. የሰላም አስከባሪዎቹን ሰማያዊ ቆብ አድርገው ሄዱ። በአንድ ትልቅ የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ፣ ያለ ጦር መሣሪያ፣ ከአገሬው ፖሊሶች ጋር ለአሥራ ስምንት ወራት አገለገሉ። ሴቶች ማገዶ ለመልቀም ሲወጡ ጥቃት ይደርስባቸው ስለነበር፣ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ፖሊስ አጅቧቸው እንዲወጣ ያስደረጉት እሳቸው ናቸው። ለአቤቱታ መቀበያ ከድንኳኑ ጀርባ ሌላ መግቢያ እንዲከፈት አደረጉ፤ ሴቶች ወንዶች ፊት ተሰልፈው መግባት አፍረው ይመለሱ ነበርና። አንዲት የአገሬው ወጣት ፖሊስ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ተበዳይን «ለምን ወጣሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሆኑን፣ «ምን ሆነ? ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ ሥራ መሆኑን አስተምረዋል።

በዚያ ጊዜ ባለቤታቸው ቤት ነበረ። ምግብ ማብሰል ተማረ። የታናሿን ልጅ ፀጉር መጎንጎን ተማረ፤ መጀመሪያ ሰሞን ልጅቷ ትምህርት ቤት ኮፍያ አድርጋ ትሄድ ነበር። ለዚህ ሜዳሊያ የሰጠው የለም። ሟች በ1998 ዓ.ም. ሲመለሱ ሜዳሊያና ሠላሳ ስድስት ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። በአሥራ አንዱ ላይ አንድ ረጅም የውጭ አገር ሰው ነበረ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለ ባለቤታቸው።

«የጄኔሬተሩ ኃላፊ ነው።»

«ጄኔሬተር እዚህ ሁሉ ፎቶ ላይ ምን ይሠራል?»

ልጆቹ ሲስቁ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። እሱ ግን ለብዙ ቀናት ፎቶዎቹን እየደጋገመ ያይ ነበር። የሚገርመው፣ ሰውዬው ያን ያህል አላስቀናውም። ያስቀናው በፎቶዎቹ ላይ የነበረው የሚስቱ ፊት ነው። በአቧራ ተሸፍነው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቷቸው አያውቅም ነበር።

ሟች ዳግመኛ እንደሚጠሩ ተስፋ ያደርጉ ነበር። ትልቁን ሻንጣቸውን ቁም ሣጥኑ ላይ እንዳሰናዱት አኖሩት። ዓመታት አለፉ። አንድ ጊዜ የሰው ኃይል ክፍል ሄደው ቢጠይቁ፣ አዲስ የተተካው ሠራተኛ «ዝርዝር ውስጥ የሉም» አላቸው። ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ሪፖርታቸው ነው ብለው ደመደሙ። ከ2002 እስከ 2004 ዓ.ም. ከሥራ ሲወጡ የቋንቋ ትምህርት ተማሩ፤ በሃምሳ ዓመታቸው ከልጆች ጋር ተቀምጠው ግስ አረቡ። ባለቤታቸው በመኪና ያደርሳቸውና ውጪ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ባል ነው» እያለ ያመሰግነው ነበር። በ2008 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። ሻንጣው እንደተሰናዳ ነበር።

ይህ ጽሑፍ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ከ1998 ወደ 2002 ዓ.ም. ይዘል ነበር። ለማተሚያ ቤት የምትተይበው የመጀመሪያ ልጃቸው እዚህ ስትደርስ እጇን አነሳች።

«አባዬ፣ 2001 የት ሄደ?»

«እለፊው።»

አላለፈችም። እናቷ ከመሞታቸው በፊት የሰጧትን ደብተር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ስለዚህ እርማቱ የሚከተለው ነው።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ፣ ሟች ከከተማ ውጪ ለሥልጠና በሄዱበት ሳምንት የቤት ስልክ ጮኸ። የሰው ኃይል ክፍል ጸሐፊ ነበር። ሟች በስማቸው ተፈልገው፣ በሌላ ተልዕኮ የፖሊስ ሥልጠና ቡድን መሪ ሆነው እንዲሄዱ መጠራታቸውን ነገረው፤ መልሱ እስከ ሐሙስ ይፈለጋል። ባለቤታቸው «እነግራታለሁ» አለ። አልነገራቸውም። ሐሙስ ጸሐፊው መልሶ ሲደውል «ታማለች፤ አትችልም» አለው። ጸሐፊው «እግዜር ይማራት» ብሎ ዘጋ። በቦታቸው ሌላ ሰው ሄደ። ዋና ኢንስፔክተሯ ለሁለተኛ ጊዜ አልተጠሩም ሲባል የኖረው ስህተት ነው። ተጠርተዋል። እንግሊዝኛቸውም ምንም አልጎደለው።

ለምን እንዳደረገው ብዙ ጊዜ ራሱን ጠይቋል። ልጆቹ እንዳይጎዱ ነው ይል ነበር፤ ልጆቹ አድገው ነበር። ናፍቆቱን ስለማልችል ነው ይል ነበር፤ እሱም ግማሽ እውነት ነው። ሙሉው እውነት፣ ሁለት ጊዜ ከእሱ በልጠው እንዲሄዱ አልፈለገም። ቅናት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ሟች በ2015 ዓ.ም. ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በአገር ውስጥ ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተዋል። ሕመማቸው እየጠና በመጣ ጊዜ ባለቤታቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። ያለቅሳሉ ወይም ይሰድቡኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውንና ደብተራቸውን ጠየቁ። እስክሪብቷ ከሻሻቸው ሥር ነበረች።

«በል ቃልህን ስጥ» አሉት። «ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው የደወለው? አንተ የት ቆመህ ነበር?»

ሁለት ገጽ ሙሉ ቃሉን ተቀበሉት። መልሰው አነበቡለት። አስፈረሙት። ባለቤታቸው እጃቸውን ይዞ ይቅር በይኝ አላቸው። «እሱን በኋላ እናየዋለን፤ መጀመሪያ መዝገቡ ይስተካከል። በቀብሬ ቀን ይነበብ፤ ስንት ሰው ነው አልቻለችም ብሎ የሚያውቀኝ» አሉ። ደግሞ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሲል ነርሷ መርፌ ይዛ ገባች፤ በማግሥቱ ደግሞ ብዙ መናገር አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥራ ሦስት ቀናት ያቺን አንዲት ቃል ሲጠብቅ ከረመ። ሳይሰማት፣ ሟች ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ልጃቸው «2001 የት ሄደ?» ብላ ያመጣችውን ደብተር ስትከፍተው ከፊርማው በታች ሌላ ጽሑፍ ነበረ። ባለቤታቸው ሲፈርም ባዶ የነበረ ቦታ ነው። እንደ ፖሊስ ወግ «የመርማሪ አስተያየት» ይላል። መስመሩ ወደ ታች ወርዷል፤ ግን ይነበባል።

«ቃል ሰጪው ቃሉን የሰጠው ተገድዶ ሳይሆን በፈቃዱ ነው። ቀናተኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። አሥራ ስምንት ወር የልጄን ፀጉር ጎንጉኗል። መዝገቡ ይዘጋ።»

ይቅር ማለቱንም ከእሱ በልጠው ቻሉበት። ዛሬም ይቀናል። ትናንት ያቺ በመጠለያው ያስተማሯት ወጣት ፖሊስ፣ ዛሬ በአገሯ የአንድ ክፍለ ከተማ ፖሊስ አዛዥ የሆነችው፣ «እናቴ ሞተችብኝ» የሚል መልእክት ልካለች። እሱንም ሲያነብ ቀንቷል። ከእሱ የበለጠ የሚያለቅስላቸው ሰው መኖሩን አልወደደውም።

ሟች ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና ሰማያዊውን ቆብ አብረዋቸው ያደረጉ ባልደረቦቻቸውን በሐዘን ጥለው አልፈዋል። ሻንጣቸው ከቁም ሣጥኑ ላይ ወርዷል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ ለሚያዝኑላቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን፤ ለባለቤታቸውም ጥቂት ዕድሜ ይጨምርለትና እሳቸውን ያለ ቅናት የሚያስብበት ቀን ያሳየው።

አስከሬናቸውን የያዘው መኪና ከመነሳቱ በፊት ባለቤታቸው አንድ ጊዜ ዙሪያውን ይዞራል፤ ጎማውን ያያል፤ ከሥር ጎንበስ ይላል። ሹፌሩ እባክህ ታገሠው።