በኅዳር ጭስ ውስጥ ያለፈው ቦራ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ረሻድ፤

የአላህ ሰላም ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት በረታብዎ ወይስ ለመዱት? ያ ሳልዎስ ለቀቅ አደረገዎት? እኛ ከነልጆቹ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

«ቦራ ሦስተኛ ወጥቶ በጤና መግባቱን ጋዜጣ ላይ አንብቤ ደስ አለኝ፤ በባቡር ላኪልኝ» ብለው የጻፉት ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ ጨንቆኝ ነው። ከውርንጭላነቱ ያሳደጉት፣ ለእኛ አደራ የተዉት ፈረስዎ ሞቷል፣ ጋሼ። የሞተውም በዚያው በውድድሩ ዕለት ነው።

ከኮልፌ ተነሥቶ አዲስ ዓለም ደርሶ መመለስ ነበር። ባለቤቴ ከሊፋ ራሱ ጋለበው። አዲስ ዓለም ላይ ፈረሶቹን የሚመረምሩት የከብት ሐኪም፣ አቶ ጉልላት፣ ደረቱን አዳምጠው «ይህ ፈረስ ከዚህ በላይ አይሄድም፣ ይረፍ» አሉት። ከሊፋ ግን የቀደሙትን ሲያይ እልህ ያዘውና ቀጠለ።

እኔ ከሰዉ ጋር እዚህ መግቢያው ላይ ቆሜያለሁ። ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ስለነበር በየደጁ ቆሻሻ ይነዳል፤ ሰፈሩ በጭስ ታፍኖ ፀሐይዋ እንደ ፍም ቀልታለች። ሁለት ፈረሶች ገቡ። ቀጥሎ የቦራ ነጭ ግንባር ከጭሱ ብቅ አለ። ከሊፋ አንገቱ ላይ ተደፍቷል። ሰዉ በእልልታ ተቀበላቸው፤ እኔም ከሊፋን በስሙ ጠራሁት። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ፈረሱ አጠገቤ ሲያልፍ ኮቴው አልተሰማኝም፤ ትንፋሹም አልሞቀኝም። ሳይቆም ወደ ቤታችን አቅጣጫ ሄዶ ጭሱ ውስጥ ጠፋ።

ሮጬ ቤት ስደርስ ቦራ የለም። አብራው የምትታሰረው ዳልቻዋ ባዝራ ብቻዋን ላብ አጥምቋት፣ የእሱን ባዶ ቦታ እያየች ትንቀጠቀጣለች።

ሊመሽ ሲል ከሊፋ ኮርቻውን ተሸክሞ ከእንጨት ጫኝ መኪና ወረደ። «ቦራ ከሆለታ ወዲህ ወደቀብኝ። ገና በቀትር ነው የሞተው» አለኝ።

«ስትገቡ አይቻችኋለሁ እኮ!» አልኩት። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

በማግስቱ ለውድድሩ ዳኛ ለአቶ ፀሐዬ እውነቱን ነገራቸው። እሳቸው ግን «ይህ ሁሉ ሰው በዓይኑ ያየውን አልገባም ልበል? ፈረስ ሞተ ከተባለስ ከእንግዲህ ውድድሩን ማን ይፈቅድልናል?» አሉት። ጋዜጣውም ሁሉም ፈረሶች በጤና ገቡ ብሎ አወጣ። ዋንጫውን ቤታችን ድረስ ላኩልን።

ጉዱ ከዚያ ወዲያ ነው። አንዷ ጎረቤት «ቦራን ወንዙ ዳር ብቻውን ቆሞ አየሁት፤ ለምን አታስሩትም?» ትለኛለች። ሌላው ከመስጊድ ሲመለስ እንዳገኘው ይነግረኛል። ሞቷል ስላቸው «ጋዜጣው ደህና ነው ብሎ የለም እንዴ?» ብለው ይስቁብኛል። እየቆየ እኔም ሞቷል ለማለት አፌ ይያዝ ጀመር። ከሊፋም እንቅልፍ አጣ።

ታኅሣሥ ላይ ቀጣዩን ውድድር ለማስታወቅ ሕዝብ ሲሰበሰብ፣ ከሊፋ ዋንጫውን አምጥቶ አቶ ፀሐዬ ፊት አስቀመጠ። «ቦራ አልገባም። ይረፍ እየተባልኩ ነድቼ የገደልኩት እኔ ነኝ። እናንተ ያያችሁትን ግን አላውቅም» አለ። አቶ ጉልላትም መሰከሩለት። ይኼኔ አምስተኛ የተባለው የሰበታው ጉታ ከኋላ ተነሣ። «የኔም አልገባም። መናገሻ ሥር ቀብሬው ነው የመጣሁት» ብሎ አለቀሰ። ለእሱም ፈረስ እልል ብለን ነበር፣ ጋሼ።

አቶ ፀሐዬ ድምፅ ማጉያውን ይዘው ውጤቱን እንደ አዲስ ተናገሩ። ሁለቱም ፈረሶች መሞታቸውን በሕዝብ ፊት አሉ፤ በጋዜጣም አስወጡት። ሐኪም ያስቆመው ፈረስ ከእንግዲህ እንዳይቀጥል ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ቦራን አየሁ ያለኝ የለም።

ከዒድ በኋላ ውድድሩ ሲደረግ ከሊፋ አልጋለበም፤ ሆለታ አካባቢ ለፈረሶቹ ውሃ ሊያቀርብ ሄደ። ፈረሶቹ ከአዲስ ዓለም ሲመለሱ ያየውን ማታ ነገረኝ። ቦራ የወደቀበት ቦታ ሲደርሱ፣ ማንም ልጓም ሳይስብ ፈረሶቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። ቦታው ምልክት የለውም፤ ሣር ብቻ ነው። አለንጋም አላነቃነቃቸውም። በመጨረሻ ጋላቢዎቹ አንድ በአንድ ወርደው በእግራቸው መሄድ ሲጀምሩ፣ ፈረሶቹ ዝም ብለው ተከተሏቸው። ከዚያ በኋላ ለረጅም መንገድ ተመልሶ ኮርቻ ላይ ለመውጣት የደፈረ አልነበረም።

ለእትዬ ዙቤዳ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ትንሿን ሀያትን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለእናታችን ለእማማ ዘይነባ የቦራን ነገር ቀስ ብለው ይንገሯቸው፤ በጤና ገባ ሲባሉ አምነው ዱዓ አድርገውለት ነበርና።

እህትዎ አልፊያ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.