ወደ ኋላ የሚያይ ውሻ

ማርች 3
ከደቡብ፣ ከኑክ ከተማ፣ ወደ ትውልድ መንደሬ ሳቱት ገባሁ። ብርዱ እንዳለ ነው። ወንድሜ ፓቪያ ሸበተ እንጂ ምላሱ አላረጀም። «ኑክ አወፈረችሽ እኮ! እነዚህ ውሾች ምን በደሉ?» ብሎ ውሾቹ የሚስቡትን የበረዶ ጋሪ አሳየኝ።

ማርች 4
ውሾቹ የሚታሰሩበት ሜዳ ሄድኩ። ባለፈው ካየኋቸው አንድም የቀረ የለም። የፊት እግሮቹ ነጭ የሆኑ ቡችላ ተከተለኝ... ጓንት ያጠለቀ ይመስላል። ፑአሉ አልኩት፤ በቋንቋችን ጓንት ማለት ነው።
ፓቪያ ሰማኝ። «ስም አታውጪለት። ነገ ይታሰራል።»
ዕድሜው ደርሷል። ከእንግዲህ ልቅ ከተገኘ በሕጉ ይገደላል።

ማርች 5
ታሰረ። ቀኑን ሙሉ ሲያላዝን ዋለ። አላስችል አለኝ፣ የዓሣ ቆዳ ይዤ ሄድኩ። ትንሽ ዳበስኩት። የታሰረ ውሻ እንደማይዳበስ አላውቅም? እዚሁ አይደል ያደግሁት?

ማርች 8
ዛሬም ሄድኩ። ትናንትም። ገና ከሩቅ ያውቀኛል። ኑክ ቤቴ ስገባ ማን እንዲህ ዘሎ ይቀበለኛል? ማንም።

ማርች 11
ዓሣ ልናጠምድ በባሕሩ በረዶ ላይ ወጣን። ፑአሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቆቹ ጋር ተጠመደ። ጋሪው ላይ እኔን ሲያይ መሳቡን ትቶ ዞረ። ገመዶቹ ተተበተቡ። ትልልቆቹ ተረባረቡበት፣ ጆሮውን ቀደዱት።
ፓቪያ ገመዱን እየፈታ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።
«ስንት ጊዜ ወደሱ ሄደሽ ነው?»
«በየቀኑ...»
«እህቴ፣ እኔ የማበላው ለጉልበቱ ነው። የማይስብ ከሆነ ምን እንደማደርገው ታውቂያለሽ።»
አውቃለሁ። አባታችንም ያደርገው ነበር። በጠመንጃ።
«ኑክ ልውሰደው?»
«አፓርታማሽ ያስገቡታል? ደግሞ አንዴ ደቡብ የወረደ ውሻ ተመልሶ አይገባም። ሕጉ ጠፋሽ?»
እስክሄድ ድረስ እንዲታገሰው ለመንኩት።
«እንግዲያው ድርሽ እንዳትዪ። ቢጠራሽም።»

ማርች 12
አልሄድኩም።

ማርች 15
ይጠራኛል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት የሱን እለየዋለሁ። ራዲዮኑን ከፍ አደረግሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ... አስለምጄ መደበቅ! ለሱ አዝኜ ነው ስል ነበር። ውሸት። ብቻዬን ስለሆንኩ ነው።

ማርች 19
ዛሬ አልጮኸም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ማርች 21
የመመለሻዬ ቀን፤ በውሻ ጋሪ እስከ ኡማናቅ፣ ከዚያ በሄሊኮፕተር። ከመነሳታችን በፊት ፓቪያ የራሱን ካፖርት አለበሰኝ፤ ዓሣ ዓሣ ይላል። «ጠረንሽን ይሸፍናል። ተኚ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ።»
ጋሪው ላይ ተጋደምኩ፣ ቆቡን ፊቴ ላይ ሳብኩ። መንገድ ላይ ፑአሉ አንድ ጊዜ አፍንጫውን ወደ ኋላ አዞረ። ስሙ አፌ ላይ ደርሶ ነበር... ዋጥኩት። ፓቪያ ጮኸበት። ፊቱን መለሰ፣ ገመዱ ተወጠረ። እስከ ኡማናቅ ሳበ።
«አየሽው? ተረፈ!» አለ ፓቪያ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።
ካፖርቱን አውልቄ ስመልስለት ነፋሱ ከኔ ወደ ውሾቹ ይነፍስ ነበር። ፑአሉ በረዶው ላይ ተኝቶ ነጭ እግሩን ይልሳል። ቀና አላለም።
ቀና እንዲል ፈልጌ እንደነበር ለፓቪያ አልነገርኩትም።