ስለ ረሻ የመጨረሻ ክፍል፣ መብቷን ለያዛችሁት

ይድረስ «የወደቦች ልጅ» የተሰኘውን የጃፓን አኒሜ የማሳየት መብት ለያዘው ድርጅት፣ የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ። (የድርጅቱን ስም ያልጻፍኩት፣ መጻፉ ራሱ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቄ መልስ ስላላገኘሁ ነው።)

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የሥራ ባልደረቦችዎ በሙሉ እንደምን ከርማችኋል? ለጻፍኩት ሁሉ ወዲያው «መልእክትዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» እያለ የሚመልስልኝ ኮምፒውተራችሁስ ጤናው እንዴት ነው? እኛ እዚህ ድሬዳዋ ሙቀቱ እንደ ልማዱ ቢያስቸግረንም ደኅና ነን። እኛ ድሬዎች በአንቱታ አንታማም፤ እኔ አባቴን «አንተ» እያልኩ ነው ያደግኩት። እርስዎን «እርስዎ» ማለቴን፣ የቅርብ ሰው እንዳልሆኑ በሚገባ እንደገባኝ ምልክት አድርገው ይቀበሉልኝ።

ፈርዶውሳ ዒብራሂም እባላለሁ። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የሰው ዕቃ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ ቀረጡ ተከፍሎ፣ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ድረስ ወረቀቱን ይዤ እሮጣለሁ። ጄኔሬተር አስገብቻለሁ፣ የዳቦ ቤት ምድጃ አስገብቻለሁ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበርም አስገብቻለሁ። ሕጋዊ መንገድ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ጨርሶ ላይኖር እንደሚችል ያወቅኩት ግን የእናንተ ደንበኛ ለመሆን ስሞክር ነው።

ጉዳዩ የአባቴ ነው። አባቴ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሱቅ ነበረው፤ ኮንትሮባንድ እንደ ሽንኩርት በሚሸጥበት ከተማ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ካልሲ እንኳ ሳያስገባ ያረጀ ሰው ነው። ጎረቤቶቹ ይሥቁበት ነበር፤ አንዳንዴም እኛ ልጆቹ። ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ እኔና እህቴ ላዳን አጠገቡ ተቀምጠን በዲሽ የምትመጣውን «የወደቦች ልጅ» እናይ ነበር። የምትናገረው በዐረብኛ ስለነበር እኛ አይገባንም፤ እሱ ግማሹን በሶማልኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እያደረገ ይነግረናል። ረሻ የምትባል ልጅ ናት፤ ባሕር ላይ የቀረ አባቷን ከወደብ ወደብ እየዞረች ትፈልጋለች። በመጨረሻው ክፍል አንድ ቤት ደርሳ አንኳኳች፤ በሩ ሳይከፈት መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ፊልሙ አልቆ ነበር፤ ጣቢያውም ዳግመኛ አላሳያትም። ላዳን አላቆም ብላ ስታለቅስ አባቴ፣ «አይዞሽ፣ አባቷ ነው የከፈተላት፤ እኔ ጎረቤት ሱቅ አይቼዋለሁ» አለን።

አላየም ነበር። ይህን የነገረኝ አምና ነው፣ ሐኪሙ ግላኮማው ግራ ዓይኑን እንደጨረሰው፣ ቀኙም ከዳር ከዳር እየጠበበ እንደሆነ ካስረዳው በኋላ። «ፈርዶ፣ ለልጆቼ የዋሸሁት ያቺን ብቻ ነው፤ ዓይኔ ሳይዘጋ ያንን በር አሳዪኝ» አለኝ።

እርግጥ ነው፣ የላዳን ባል መሃድ ስልክ ይጠግናል፣ ሚሞሪ ላይም ፊልም ይጭናል። ረሻን ከነክፍሎቿ በፍላሽ ይዞ ለመምጣት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። አባቴ ፍላሹን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰለትና፣ «አቦ መሃድ፣ በደኅና ዓይኔ ያላየሁትን የሌባ ዕቃ በታመመው ልይ?» አለው። መጨረሻውን በወሬ መንገርንም ከለከለ። መሃድ መጨረሻውን አይቶታልና፣ ቤታችን ምሳ ሲመጣ አፉን ለምግብ ብቻ ነው የሚከፍተው። በዚህ ከተማ ረሻን ማየት ያልቻለው ሊከፍልባት የፈለገው ሰው ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ሕጋዊውን መንገድ ያዝኩ፤ በዚያም ስላገኘሁት መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በድረ ገጻችሁ ስለ መመዝገቤ። ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ ለማውጣት ከአባቴ ጋር ባንክ ሄድን። ኑሀሚን የምትባል ትሑት ሠራተኛ ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ ስነግራት አዘነችልኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ለሕክምና ብለን ብንሞላው ይሻላል» አለችኝ። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለአኒሜ በይ!» አላት፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየን። ካርዱ ከብዙ ምልልስ በኋላ ወጣ፤ ክፍያውንም ተቀበላችሁ፤ ቀጥሎ «ይህ ሥራ እርስዎ ባሉበት አገር አይታይም» የሚል ጽሑፍ አሳያችሁኝ። ገንዘቡ ግን ካለሁበት አገር ሳይቸገር ስለደረሳችሁ ደስ ብሎኛል።

፪. ስለ ዲስኩ። ዲስኩ መታተም እንዳቆመ፣ ያገለገለ ባገኝ እንኳ የሌላ አህጉር ማጫወቻ እንደሚያስፈልገው፣ የእኔን ማጫወቻ የዚያን አህጉር ዲስክ እንዲቀበል ማስከፈት ደግሞ ውል መጣስ እንደሆነ በትሕትና ገልጻችሁልኛል። እንዲህ ያለ ትጋት በጉምሩክ ደጅ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አላጋጠመኝም።

፫. ስለ ረሻ ማንነት። ረሻ የምትባል ሰው በንብረታችሁ ውስጥ እንደሌለች ጽፋችሁልኛል። ለካ ስሟን ያወጡላት ዐረብኛ ያናገሯት ሰዎች ናቸው፤ የዐረብኛው ድምፅ መብት በማን እጅ እንደሆነም እንደማታውቁ ነገራችሁኝ። ታዲያ ከልካያችን ማነው ብዬ ጠየቅኩ። «እኛ» አላችሁ።

፬. ይህ እንኳ ቅሬታ አይደለም፤ ልመና ነበር። እኔ ሲደክመኝ መፍትሔውን ያመጣው አባቴ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው የሌላውን ሀብት መንካት ግድ ሲሆንበት፣ ወይም ሰው በድሎ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ዘንድ ሄዶ «ሐላል በለኝ» ይላል፤ ባለቤቱ «ሐላል» ካለው ነገሩ ከልብ ተሰጠ፣ ከልብም ተተወ ማለት ነው። የሰፈራችን ሼኽ ነጅሙዲንም ሲጠየቁ ባለቤቱ ከፈቀደ ምን ችግር አለው አሉ። ስለዚህ ዲስክም እንደማንፈልግ፣ የከፈልነውም እንዲቀር፣ መሃድ እጅ ያለውን አንድ ሽማግሌ አንድ ጊዜ እንዲያየው ብቻ ያቺን ቃል እንድትሉን ጻፍኩላችሁ። የሕግ ክፍላችሁ ቃሉ በውሎቻችሁ ውስጥ ትርጉም እንዳልተሰጠው ገለጸልኝ፤ በዚያው ደብዳቤ የመሃድን ሙሉ ስምና አድራሻ ጠየቀኝ።

አምስተኛ ቁጥር ነበረኝ፤ ግን ደክሞኛል።

ባለፈው ሳምንት አባቴን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ቀኝ ዓይኑ አሁን መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ነው የሚነግረው። በባጃጅ ስንመለስ ስልኬ ላይ የደስታ መልእክታችሁ ገባ፦ «የወደቦች ልጅ» በመጪው ዓመት፣ እጅግ በጠራ ምስል ታድሳ፣ ለመላው ዓለም ትቀርባለች፤ አባቴ በጆሮው ብቻ ሊከተለው ይችል የነበረው የዐረብኛው ድምፅ ግን አይጨመርም። አነበብኩለት። «ጥሩ ነው፣ ለሌሎች ይሆናል» አለኝ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ከዚያም ባጃጁ ውስጥ አለቀስኩ፤ አባቴ እንዳያውቅብኝ ፊቴን ማዞር ያላስፈለገኝ መሆኑ የባሰ አስለቀሰኝ።

ቤት ስንደርስ ላዳንን አስጠራት። ሁለታችንን አጠገቡ አስቀምጦ፣ «ያንን በር ማን እንደከፈተው አላውቅም። ዋሽቻችኋለሁ፤ ሐላል በሉኝ» አለን። ወዲያው አልነው። ቅጽ አላስሞላነውም፣ ያለበትንም አገር አልጠየቅነውም። መሃድ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ያን ጊዜም ቃል አልተነፈሰም።

እንግዲህ የጠራው ምስላችሁ ገበያ እንዲቀናው፣ መብታችሁም ሊያያት ከሚጓጓ ሰው ሁሉ እንደተጠበቀ እንዲኖር ከልብ እየተመኘሁ፣ ትዕግሥትን ስላስተማራችሁኝ ውለታችሁን ሳልዘነጋ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ፈርዶውሳ ዒብራሂም
ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የመሃድን አድራሻ አለመስጠቴን ወደደው፤ ስላቁን ግን አልወደደውም። እሱ በበኩሉ ስለ ዓይኑ እናንተን ሐላል ማለቱን እንድጽፍ አዞኛል፤ ይኸው ጽፌአለሁ። እኔን ግን ገና አልጠየቃችሁኝም።