አባቴ ዱዓ ያደረገበት ገጽ

ሐሙስ

አባቴ ቃሉ በመጽሔቴ እንዳይወጣ አለ።

የመመረቂያ ሥራዬ ነው፤ ስምንት ገጽ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ። ከክፍላችን ሥራዎች አንዱ ተመርጦ ይታተማል። የመሃሉ ሁለት ገጽ ስለ እሱ ነው፣ ሰንበቴ ከብት ገበያ ስላረጀበት የድለላ ሥራ። ዛሬ ከእራት በፊት አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ዱዓዬስ?» አለ።

የለም። ግራው ገጽ አማርኛ፣ ቀኙ ኦሮምኛ ነው፤ ኦሮምኛው በላቲን ሲጻፍ እየረዘመ ከዓምዱ ይወጣብኛል። ፊደሉን ሳሳንሰው አይነበብም። ስለዚህ ድምፁን ከቀዳሁበት ስልኬ ስገለብጥ ንግግሩን የከፈተበትን ዱዓ ሳልሰማው ዘለልኩትና ከከብቱ ጀመርኩ።

«ሰዓዳ፣ እኔ ሰው ፊት ቀርቤ፣ ሰላም ሳልል፣ ዱዓ ሳላደርግ፣ ስለ በሬ ጥርስ አወራሁ?»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ገጽ ይጨመርልኝ ብዬ መምህሩን ጠየቅኩ። አይሆንም። ወረቀቱ ታጥፎ ስለሚሰፋ ከጨመሩ አራት ገጽ ነው፤ ለአራት ገጽ የሚሆን ነገር የለኝም።

ሌላ ሰው ፈልጎ ማናገር? ፎቶዎቹን ያነሳችልኝ የክፍል ጓደኛዬ ትዕግስት፣ ሰንበቴ ደላላ ሞልቷል፣ የጠፋው የሚመርቅ አባት ነው ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ማታ የድምፅ ቅጂውን ከመጀመሪያው ሰማሁት። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለ ለጠየቀም ለሰማም ሰላም ይለምናል። ለጨፋ ሸለቆ ሣር፣ ለከብቱ ጤና፣ ለመንገደኛ በሰላም መግባት። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ይህችንም ልጅ፣ የጀመረችውን አሳምርላት።»

የዘለልኩት ይህንን ነው።

ቅዳሜ

ሦስተኛው ገጽ ላይ የጨፋ ሸለቆ ፎቶ ነበር፤ ማሽላው ሲያሸት፣ ጠዋት፣ ገጹን ሙሉ። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። አወጣሁት። ቦታው ላይ ዱዓውን ብቻ አስቀመጥኩ። ከላይ አማርኛው፣ ከታች ኦሮምኛው፣ ዙሪያው ነጭ። አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፤ ተውኩት። ሰው ይህን አንብቦ ሲገልጥ ነው አባቴን የሚያገኘው።

የመጨረሻውን መስመር ግን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ መለስኩት። ስለ ራሴ ማተም ሐፍረት መሰለኝ።

እሑድ

ከገበያ ደክሞት ገባ። እግሩን እስኪታጠብ ጠብቄ ማንበብ ጀመርኩ። በየመስመሩ «አሚን» ይላል፣ የራሱ ዱዓ መሆኑን የረሳ ይመስል። የእኔን መስመር ቶሎ ብዬ አለፍኩት።

«ያቺ ካሜራ የያዘችው ልጅስ?» አለ። ትዕግስትን ማለቱ ነው። ዱዓውን ሲያደርግ ከኋላዬ ቆማ ስለነበር ያያት በኋላ ፎቶ ስታነሳው ነው፤ ቀድሞ አይቷት ቢሆን አብሮ ያደርግላት ነበር። «እሷንም አስገቢ። አብራሽ ለፍታለች።»

እዚያው ጨመርኳት፦ ይህችንም ልጅ፣ ጓደኛዋንም።

ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ግድግዳው ተደገፈ።

«በይ አሁን ስለ በሬው አንብቢ» አለኝ።

ሰኞ

ለትዕግስት ነገርኳት። ስክሪኑን አጉልታ ስሟ የሌለበትን ያን መስመር ቆማ አነበበችው።

መምህሩ ሦስተኛውን ገጽ ረጅም ጊዜ አየው። ባዶ በዛበት አለ። በየገጹ ምስል መኖር አለበት የሚል መመሪያ እንዳለ አስታወሰኝ፤ ፎቶውን ብመልስ ለመመረጥ ቅርብ እንደሆንኩም ነገረኝ። አልመልስም አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር መምህር ፊት ተናግሬ አላውቅም። ወረቀቱን አልመለሰልኝም፤ ለሌሎቹ መምህራን አሳይቶ አብረው ይወስናሉ።

አባቴ ውሳኔው መቼ ነው አለኝ። ሐሙስ አልኩት።

«ሐሙስ ደግ ነው። ማታው የጁምዓ ዋዜማ ነው፣ ዱዓ አለን» አለ።

መልሱ ግን ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ ከዱዓው በፊት።