ወደ መለማመጃው ሲላክ የከረመው ማመልከቻዬ

ፈቃዱ ወጣልኝ! የበርበሬ ወፍጮዬ ፈቃድ ትናንት ከቀትር በኋላ በስልኬ ገባልኝ፤ አልሐምዱሊላህ! ቁጭ ብዬ መጻፍ እንኳ አቅቶኛል።

ይቅርታዎን፣ ደስታው አጣድፎኝ ነው። የተከበሩ አቶ አድማሴ፣ የ«ቀልጣፋ» የፈቃድ ድረ ገጽ ኃላፊ፤ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ወንበርዎስ ይመችዎታል? እኛ የፍኖተ ሰላም ነጋዴዎች ደጅዎን እየጠናን ደኅና ነን። ይህን ሰው ሁሉ እንዲያነበው የጻፍሁት ለምስጋና ነውና እንዳይቀየሙኝ።

አንደኛ፦ ድረ ገጽዎ በአማርኛ፣ በአዊኛና በእንግሊዝኛ እንዲያስተናግደን ስላደረጉ እናመሰግናለን። እኔም አፌን የፈታሁበት ነው ብዬ አማርኛውን ተጫንሁ፤ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» አለኝ። ሰባት ወር ሙሉ ደርሶናል አለኝ። ወፍጮዬ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ቆሞ፣ የቡሬ ገበሬ የደረቀ በርበሬውን ጭኖ በደጄ ሲያልፍ፣ ደርሶናል!

ሁለተኛ፦ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ባለሙያዋን ወይዘሪት ያምሮትን ጠርተው በእርሷ ኮምፒውተር ስላሳዩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እውነትም እርሷ ጋ ይሠራል፤ ማመልከቻዬም እዚያው ቁጭ ብሏል። «እትዬ ናጂሃ፣ ይኸው አለ አይደል፣ ምን ያስቸኩልዎታል?» ብለው ሸኙኝ። ያ ኮምፒውተር የመለማመጃ መሆኑን፣ ፈቃድ የሚፈርሙት ሰዎችም ከቶ እንደማያዩት ለመንገር ግን ጊዜ አላገኙም፤ ሥራ ይበዛብዎታላ።

ሦስተኛውን እኔው ላጫውትዎ። ባለፈው ሰኞ ንድድ ብሎኝ በአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ የእንግሊዝኛውን ገጽ ሞላሁ። በሦስተኛው ቀን ፈቃዱ መጣ! ዛሬ ጠዋት ያምሮትን ይዤ «አንቺ ልጅ፣ የእኔ አማርኛ ምን ጎደለው?» ብላት፣ የድረ ገጹን ቅንብር ከፍታ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለካ ድረ ገጹን ከመለማመጃው ወደ ዋናው ስታዛውሩ፣ የእያንዳንዱ ቋንቋ ማመልከቻ የሚላክበት አድራሻ አብሮ መቀየር ነበረበት። የእንግሊዝኛው ተቀየረ፤ በምረቃው ቀን እንግዶች ፊት የሚከፈተው እርሱ ነበራ። የአማርኛውና የአዊኛው ተረሳ። መቶ አርባ ሰው እስካሁን መለማመጃው ውስጥ ተኝቷል። ዳቦ ቤት ሊከፍት የነበረው ጎረቤቴ ይታገሱ መጠበቁ ሰልችቶት ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ዱርቤቴ ሄዷል።

ያምሮት «ዛሬውኑ አስተካክዬ የሁሉንም ወደ ዋናው ላሻግር» ብትልዎ፣ «መጀመሪያ ኮሚቴ ይየው» አሏት አሉ። ጥንቃቄዎ ያስቀናል! ስሕተቱ ሲገባ ግን የትኛው ኮሚቴ አይቶት ነበር?

የደጅ ጥናትን ጥበብ ላስተማሩኝ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በትሕትና እጅ እነሣለሁ።

በእንግሊዝኛ የተፈቀደላት፣ በአማርኛ የምታመሰግንዎ፣
ናጂሃ ሰዓድ፣ ከፍኖተ ሰላም

ማስታወሻ፦ በአማርኛም በአዊኛም አመልክታችሁ «ደርሶናል» የተባላችሁ ሁሉ፣ ወፍጮዬ ሲመረቅ ምሳ ተጠርታችኋል፤ ያመለከታችሁበትን ቁጥር ይዛችሁ ኑ። አቶ አድማሴም የክብር እንግዳችን ናቸው፤ ኮሚቴውን አስከትለው ይምጡልን፣ መሐላችን አስቀምጠን እያንዳንዳችን ከነቁጥራችን ራሳችንን እናስተዋውቃቸዋለን። ቀኑ እሑድ፣ ጥር 17፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ አንድም ሰው እንዳይቀር!