ግድግዳችን ላይ ያለችው ቲቸር

ውድ ይታየሽ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን ተናድጄብሻለሁና ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ። ከጥቅምት ወዲህ ድምፅሽ የለም፣ ስልክሽም አይሠራም። አባትሽ በየወሩ ከአምደወርቅ ድረስ እየመጡ «ምን አለች?» ይሉኛል። «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» እያልኩ ቆየሁ፤ አሁን ግን የምለው አለቀብኝ። ትግስት ከእረፍቷ ወደ ቤሩት ልትመለስ ስለሆነ ይህን በእጇ ሰድጄልሻለሁ። አፈላልጌ እሰጣታለሁ ብላ ምላልኛለች።

የምጽፍልሽ እዚያችው ክፍላችን ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። አዎ፣ እትዬ ሸጌ ግቢ! አስተማሪ ሆኜ ደሞዝ ከያዝኩ ወዲህ እንኳ መልቀቅ አልሆነልኝም። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል፣ በሩም ከፍ አድርገው ካልያዙት አይዘጋም። ቲቸርም ግድግዳው ላይ አለች። ትንሽ ቢጫ ሆነች እንጂ ደህና ናት።

በሰማንያ ዘጠኝ የገባን ሰሞን ትዝ ይልሻል? የገጠር ልጆች ነንና ትምህርት የጀመርነው ዘግይተን ነው፤ ሃያ ዓመት ሞልቶን ገና ዘጠነኛ ክፍል። ከክፍሉ ሁሉ ትልልቆቹ እኛ ነበርን። የግድግዳው ጭቃ እየተፈረፈረ ስንቃችን ላይ ይወርዳል። አንቺ «በሶውን ከነአፈሩ ልንበላው ነው እንዴ?» ብለሽ ተነሣሽና ከተስፋው ሱቅ አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ገዝተሽ መጣሽ። እኔ የዱቄት ሙጫውን ሳማስል፣ አንቺ ወረቀቱን ስትለይ፣ ድንገት ቀና አልሽ።

«ማንጠግቦሽ፣ በሩን ዝጊው» አልሽኝ።

ሽፋኑ የተቀደደ የፈረንጅ መጽሔት ነበር፣ ራቁታቸውን የተነሡ ሴቶች ያሉበት። የሰፈሩ ወንዶች ከተስፋው ሱቅ ጀርባ በየተራ እየገቡ እየሳቁ የሚወጡት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባን። አቤት የሳቅነው ሳቅ! ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን ሳቅን። ከዚያ እኔን ኀፍረት ያዘኝ፤ በሴቶቹ አይደለም፣ በራሴ ነው። የተሰነጠቀውን ተረከዜን፣ እንስራ ያደነደነውን ጀርባዬን አሰብኩና «ወንድ የሚፈልገው ይሄን ከሆነ እኛማ አለቀልን» አልኩሽ። አንቺ ግን አልሰማሽኝም። አንደኛዋን ሴት መስኮቱ ጋ አስጠግተሽ ታያለሽ።

«ይቺ'ኮ በርዷታል» አልሽ።

«ምን?»

«ነይ እያት! የክንዷ ጸጉር ቆሟል። ቁርጭምጭሚቷ ላይ የካልሲ ላስቲክ ምልክት አለ፤ አሁን ነው ያወለቀችው። ክትባቷንስ አየሽው? እንደኛው ናት።»

እውነትም ግራ ክንዷ ላይ ያቺ ክብ ጠባሳ አለች። አንቺም አለሽ፣ እኔም አለኝ። ከዚያ በኋላ መሳቅ አቃተን። ያ ሁሉ ወንድ አገላብጦ ሲያያት መብረዷን ያየ አንድ እንኳ መጥፋቱ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። የራሴ ወንድምም ከእነሱ መሃል እንደነበረ አውቃለሁ፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ታውቂዋለሽ። ግን እንዴት ነው ዓይን ያለው ሰው ይሄን የማያየው?

እትዬ ሸጌ የገቡት ይሄኔ ነው። መቼ አንኳኩተው ያውቃሉና! ለአባትሽ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ትምህርትሽ በዚያው ያበቃል፤ ሴት ልጅ ከተማ ትማር ብለው ከዘመድ ሁሉ የተጣሉት አንቺን አምነው ነው። እትዬ ሸጌ መጽሔቱን ከእጅሽ ተቀብለው፣ ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ሲያዩት ቆዩ። እኛ ስድብ ስንጠብቅ፣

«የማን ልጅ ናት?» አሉ።

«አናውቅም» አልሽ።

«እናት አላት? እናቷ ይሄን ታውቃለች?»

መጽሔቱን መልሰው እጅሽ ላይ አኖሩት።

«እንግዲህ ቤቴ መጥታለች። ገመናዋን ሸፍኑላት። እሳት ውስጥ እንዳትከቷት ደግሞ፣ ሰው ናት።»

ይህን ብለው ወጡ፤ ዳግመኛም አላነሡት። ሌላውን ገጽ ሁሉ ፊቱን ወደ ጭቃው አዙረን ለጠፍነው። የእሷን ግን እንቢ አልሽ። «እሷስ ትታፈናለች፣ ፊቷ ይታይ» ብለሽ ከአልጋችን በላይ ለጠፍሻት፤ ከአንገቷ በታች ያለውን በጋዜጣ ሸፈንሽው። ስለ ማዳበሪያ የሚያወራ ጋዜጣ ነበር። ቀሚስ ሆነላት።

በማግስቱ ተስፋው ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«አንድ መጽሔት በስህተት አብሮ ሄዶብኝ ነበር…»

«የምን መጽሔት?» አልሽው ፊት ለፊት እያየሽው።

«የ… የስፖርት።»

«የስፖርት እንኳ አላየንም። አንዲት ልብስ የሌላት ልጅ መጥታልን ነበር፤ እሷን አልብሰናታል። ለጓደኞችህ ንገራቸው።»

ወይ የሰውዬው ፊት! ከዚያ ወዲያ ስኳር ልንገዛ በሄድን ቁጥር ሚዛኑን አልፎ የሚጨምርልን ከፍርሃት ነበር።

የአባትሽ ግን ከሁሉም ይብሳል። ከፋሲካ በኋላ ስንቅ ይዘውልን መጡና ገና አረፍ ከማለታቸው ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ተተከለ።

«ይቺ ማን ናት?»

እኔ ነፍሴ ልትወጣ። አንቺ እቴ ምን ቸገረሽ! «የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ናት፣ አባዬ» አልሻቸው።

ብድግ ብለው ለፎቶው እጅ ነሡ። «እግዜር ይስጥልን በሏት። በሰው አገር ልጆቼን ታስተምርልኛለች» አሉ። በሌላ ጊዜ ሲመጡ በትንሽ ቅል ነጭ ማር ይዘው መጡ፣ ለአስተማሪዋ። የበላነው እኛ ነን፤ አንቺ ግን ከመቅመስሽ በፊት ቀና ብለሽ «ቲቸር፣ ኑሪልን» ትያት ነበር። ስሟ በዚያው ቲቸር ሆኖ ቀረ። ስንፈተን ለእሷ እንነግራለን፣ ሆድ ሲብሰን ለእሷ እናማርራለን፣ መብራት ስናጠፋ ደህና እደሪ እንላታለን። ይታየሽ፣ ያ ጊዜ እንዴት እንደሚናፍቀኝ! አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት እየተጎተትን፣ ግን ምንም ያልጎደለን ይመስለኝ ነበር።

ማትሪክ አልመጣልሽም። ቤሩት ለቤት ሠራተኝነት የሚልክሽ ደላላ «ሙሉ ቁመና ፎቶ አምጪ፣ ከፊት አንድ፣ ከጎን አንድ፤ አይተው ነው የሚመርጡት» አለሽ። ቀሚሴን አውሼሽ ፎቶ ቤት አብረን ሄድን። ፎቶ አንሺው ቀና በይ ሲልሽ ቀና አልሽ፣ ዙሪ ሲልሽ ዞርሽ። ቤት ገብተን ቲቸርን አየት አደረግሽና «እሷንም እንዲህ ነበር ያሏት?» ብቻ አልሽ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ከቤሩት የሚመለሱት የሚያወሩትን ሰምቻለሁ። ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታለች፣ የማይሆን ቦታ ታይታለች፣ ፎቶም ተነሥታለች ይላሉ። አንዱማ ደፍሮ «ላሳይሽ?» አለኝ። ሰው መሃል አዋርጄ ሰደድኩት። አላየሁም፣ አላይምም። እውነት ይሁን ውሸት አልጠይቅሽም። ዝም ያልሽን አፍረሽን ከሆነ ግን፣ እኔ ልሙት፣ ይቅር አልልሽም! እኔን ነው የምታፍሪው? እኔን?

ባለፈው ሳምንት አባትሽ መጥተው ነበር። አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩና፣

«ይቺ አስተማሪያችሁ አገሯ ገባች?» አሉኝ።

«ገብታለች፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ወረቀት ጻፊላት። የባሕር ማዶ ሰው ናትና ልጄ ያለችበት አይጠፋትም። ሄዳ ትይልኝ። ደህና ናት ካለችኝ ሌላ ምንም አልፈልግ።»

ለእሷ ያመጡትን የማር ቅል አልጋው ላይ አስቀምጠው ወጡ። በሩን ተደግፌ አለቀስኩ። እትዬ ሸጌ ከደጅ ሆነው ሰምተው ኖሮ «እዚያስ የማን ልጅ ናት ብሎ የሚጠይቅላት ሰው አለ?» አሉኝ።

ለዚህ ነው ፖስታው ላይ ስምሽን ከነአባትሽ በትልቁ የጻፍኩት፦ ይታየሽ ወልደ ኢየሱስ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ባይጠይቅ እኛ እናውቃለን።

ማሩን አልነካሁትም፤ ቲቸር ሥር አስቀምጬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ፎቶ ቤት ግቢና ተነሺ። ሙሉ ቁመና አይደለም፣ ጉርድ ፎቶ። ለትግስት ስጫት። ከቲቸር ጎን እለጥፈዋለሁ፤ አባትሽ ሲመጡ «አስተማሪያችን አገኘቻት፣ ይኸው ላከችልዎ» እላቸዋለሁ። ከአንገትሽ በታች ያለውን ማንም አይጠይቅሽም፣ እሱን እኔ እሸፍነዋለሁ። ፊትሽ ብቻ ይበቃናል።

ያቆየሁት ሰላምታ ይኸው፦ እንደምን አለሽልኝ፣ እቴዋ? እዚያ ገና ብርድ ነው ይላሉ። ደርበሽ ልበሺ።

ያንቺው ማንጠግቦሽ
ሰቆጣ፣ እትዬ ሸጌ ግቢ
መጋቢት 2000 ዓ.ም.