የበርሜል ማጠቢያውን ግቢ ስለ መስጠቴ

ቢስሚላህ። ዛሬ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም. በአዲስ ከተማ፣ ከምን አለሽ ተራ ጀርባ ባለው ቤቴ፣ እኔ ሐጀራ ሙነወር ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከታች በተጻፉት አራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ቤቱና ሱቁ እንደ ሸሪዓው ለልጆቼ ለጀማለዲንና ለዱንያ ይከፈል። ልናዘዝበት ከተፈቀደልኝ ሲሶ ግን፣ ጀማለዲን በርሜል የሚያጥብበትን ጓሮ ከነውሃ መስመሩ ለሰፈሩ ሰው ቦኖ እንዲሆን ሰጥቻለሁ። ምክንያቱን መናገር ቢያሳፍረኝም እናገራለሁ።

ባለፈው ወር የጎረቤቴ የአበራሽ የልጅ ልጅ ታማ ልጠይቃት ሄድኩ። የሶላት ሰዓት ደርሶ አበራሽን የውዱእ ውሃ ብለምናት፣ ደጇ ላይ ያለውን ሙሉ በርሜል አልፋ ከሌላ ቤት በጆግ ለምና መጣች።

«ምነው፣ ይኸው ሞልቶልሽ የለም እንዴ?» አልኳት።

አንገቷን ደፍታ፣ «እሱስ ይሸታል፣ ሐጀራዬ። ልጅቷን ያመማት እሱ ነው ብሎኛል ሐኪሙ። ለአንቺ አልሰጥም» አለችኝ።

በርሜሉን የሸጠላት ልጄ ነው። እስከዚያች ቀን ያልነገረችኝ እንዳላፍር ብላ ነው።

ቤቴ ገብቼ ጀማለዲንን ጠየቅሁት። «የቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል ነበረበት፤ አጥቤዋለሁ እኮ እማዬ። እኔ ባልሸጥላት ሌላው ይሸጥላት የለ?» አለኝ። እጣቢውም ቢሆን በቦዩ አድርጎ ወንዝ ይገባል። ታች ያሉት በዚያ ወንዝ ጎመን ያጠጣሉ፤ ጎመኑም ተመልሶ ለእኛው ይሸጣል።

ስለዚህ በጓሮው የቀሩት በርሜሎች ሁሉ ታችኛው ወገናቸው ተበስቶ ለብረት ቀጥቃጮች ይሰጡ፤ ዳግም ውሃ አይያዝባቸው። ቦዩም ይደፈን።

ዱንያ ልጄ፣ አምባሬን ዛሬውኑ በእጅሽ አጥልቄልሻለሁ። ጀሪካን ተሸክመሽ ያደግሽው አንቺ ነሽ። ወንድምሽን ወንድ ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ ውሃ አላስቀዳሁትም። ውሃ በዓይኑ የረከሰበት በእኔ አሳዳደግ ነው።

ይህ ሲጻፍ ጀማለዲን፣ «እማዬ፣ የበርሜሉ ነገር ይቅር፤ ሰው ያነበዋል» አለኝ። ልትጠይቀኝ የመጣችው አበራሽም፣ «ተይ፣ ልጁን አታሳፍሪው» አለችኝ። አላሰረዝኩም። ይፈር። እኔ ብቻዬን ማፈር ደክሞኛል።

ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ የጣት አሻራዬን አኑሬአለሁ።

ሐጀራ ሙነወር (አሻራ)

ምስክሮች፦ ፈለቀ ኃይለየሱስ፣ ሙናዊር ሰሚር፣ ሃብታሙ ብርሃኔ፣ ሀስና ሀያቱ (ፈርመዋል)

ሲነበብ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ፦ ጀማለዲን (ፈርሟል)